ሳይከፈት የተፈረደበት ሪሲቨር

ትርሲትና ቃለአብ ቡታጅራ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ አንድ ግድግዳ ተካፍለው መጣላት ከጀመሩ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። በግድግዳው በዚህ በኩል ትርሲት የተበላሸ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ትጠግናለች። በዚያ በኩል ቃለአብ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ቡፌ ይሠራል። የእሱ መጋዝ ሲጮህ የእሷ ደንበኛ የሚባለው አይሰማውም፤ እሷ ድምፅ ማጉያ ስትሞክር የእሱ ደንበኛ ጆሮውን ይዞ ይወጣል።

ትርሲት ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ፣ የስልኳን ቪዲዮ እያየችና የተጣለ ማሽን እየፈታታች ሙያውን ብቻዋን የተማረች ልጅ ናት። «ማን አስተማረሽ?» ለሚላት ሁሉ «የእናንተ ጥርጣሬ» ትላለች። አንድ ሕግ ነበራት፤ ማሽን ሳይከፈት በሽታው አይነገርም። ይህን ለሚጥስ ሰው ምላሷ ምሕረት አያውቅም።

የትርሲት ድመትም ሌላ የጠብ ምክንያት ነበረች። ዳማ ናት፤ ቁርሷን ትርሲት ጋ፣ ምሳዋን ቃለአብ ጋ ትበላለች። ትርሲት «እቴጌ» ትላታለች፤ ቃለአብ ደግሞ ቀለሟን አይቶ «ሰጋቱራ» ብሎ ሰይሟታል። እቴጌን በመጋዝ ብናኝ ስም መጥራት ምን ዓይነት ድፍረት ነው ስትል ትርሲት ሰፈሩን ሁሉ አስፈርዳለች። እሱ በበኩሉ ድመቷ ለሁለቱም ስም ዞራ እንደማታውቅ፣ የምትዞረው ለሥጋ ብቻ እንደሆነ ይነግራታል።

ትልቁ ጠብ የመጣው በነሐሴ ነው። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት እትዬ ሳሌሃ የተቃጠለ ሪሲቨራቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ሪሲቨሩ ቃለአብ በሠራላቸው ቡፌ መደርደሪያ ውስጥ ሲሠራ የከረመ ነው። ትርሲት ደግሞ የዚያን ዕለት ጠዋት በመጋዙ ጩኸት ከቃለአብ ጋር ተጨቃጭቃ ደሟ ፈልቶ ነበር። ሪሲቨሩን አገላብጣ አሸተተችውና ስድስት ደንበኞች በቆሙበት፣ «ይኼንን የፈጀው የቃለአብ ሥራ ነው» አለች። «መተንፈሻ የሌለው ነገር ቡፌ አይባልም፤ የሬሳ ሣጥን ነው።»

አልከፈተችውም።

ወሬው በደረቅ ጭድ ላይ እንደወደቀ እሳት ገበያውን አዳረሰ። ለዘመን መለወጫ ቡፌ ያዘዙ ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ይቅርብን አሉት። ትርሲት መጥቶ ይሰድበኛል ብላ መልሷን ስላ ብትጠብቅ፣ ቃለአብ ትንፍሽ ሳይል ቀረ። ይህ ዝምታው ከመጋዙ የበለጠ አበሸቃት። ጳጉሜን ሲገባ፣ ሱቁን ዘግቶ ወልቂጤ ወንድሙ ወርክሾፕ ሊገባ መሆኑን፣ መሄጃውም መስከረም ሁለት እንደሆነ ከሰው ሰማች።

«ይቅናው» አለች። ከዚያ በኋላ ያሰረቻቸውን ሦስት ብሎኖች ከልክ በላይ አጥብቃ ጥርሳቸውን ጨረሰች።

በዋዜማው ትርሲትና እናቷ ወለተ ሐና ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤታቸው የበዓሉን ዝግጅት በቴሌቪዥን ያያሉ። ከግድግዳው ማዶ ቃለአብም ያንኑ ጣቢያ ከፍቷል። ቀልደኛው ቀልዱን ሲጨርስ የቃለአብ ሳቅ ግድግዳውን አልፎ መጣ። ትርሲት ሊያመልጣት የነበረውን ሳቅ ዋጥ አደረገችው፤ ከእሱ እኩል ከመሳቅ መታነቅ ይሻላታል። በሁለተኛው ቀልድ ላይ ግን እሱ ሳይስቅ ቀረ። እሷም አልሳቀችም። ሁለቱም ወገን ጸጥ ብሎ ቀልደኛው ብቻውን ቀረ።

«ልጄ» አሉ እናቷ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ «ቀልዱ ነው የከበደሽ፣ ወይስ የሚስቀው ሰው?»

ትርሲት ድምፁን ጨመረችው።

በዚያ ዓመት፣ በ2017፣ እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ። በእነ ወለተ ሐና ቤት ረቡዕ ጾም ነው፤ ዶሮው ሐሙስን ይጠብቃል። ቃለአብ ግን የጴንጤ ልጅ ነው፤ ባደገበት ቤት ረቡዕ ከማክሰኞ አይለይም። ጠዋት ላይ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ አንድ ጣባ ክትፎ ከነአይቤው በኮባ ቅጠል ሸፍኖ በራቸው ላይ ቆመ።

«እንኳን አደረሳችሁ። ነገ እሄዳለሁ» አለ። «እንደተኳረፍን እንዳንለያይ ብዬ ነው።»

ትርሲት ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አየች። የቅቤውና የሚጥሚጣው ሽታ ፊቷ ላይ ወጣ። ሸሚዙን አየች፤ ጣባውን አጥብቆ የያዘበትን፣ ቫርኒሽ ያልለቀቀውን ጣቱን አየች። አንድ ደግ ቃል እስከ ጉሮሮዋ መጥቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«በረቡዕ ምድር ክትፎ? ሱቄን አዘጋችብኝ ብለህ ጾም ልታስገድፈኝ መጣህ?»

ቃለአብ ክው አለ። ቀኑን ጨርሶ አላሰበውም። ቅጠሉን መልሶ አለበሰው።

«ክትፎውም እንደኔ ነው፤ ቀን አያውቅም» ብሎ ተመለሰ። ድመቷ ጅራቷን አቁማ ተከተለችው።

እናቷ ልጁ ሳያውቅ እንደሆነ፣ ሳያውቅ ያመጣን ሰው በአዲስ ዓመት እንዲህ አድርጎ መመለስ ከጾም መግደፍ የባሰ እንደሆነ ነገሯት። ቀኑን ሙሉ ጣባው በዓይኗ ላይ ሲዞር ዋለ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሳሌሃ መጡ። የልጅ ልጆቻቸው በዓሉን ግድግዳ እያዩ መዋላቸውን፣ ሪሲቨሩም ወር እንዳለፈው በለሆሳስ አስታወሷት። ትርሲት አፈረች። ካቻቪቴዋን አንስታ አራቱን ብሎን ፈታች፤ ክዳኑን አነሳች።

ውስጡ ፀጉር ነው። ዳማ ፀጉር፣ እንደ ትራስ ጥጥ ተጠቅጥቆ፣ ከሥሩ ጠቁሮና ተኮማትሮ።

«ያቺ ድመትሽ ናታ» አሉ ሳሌሃ። «ክረምቱን ሙቀቱን ወዳ እላዩ ላይ ከረመች። ቃለአብ ሁለት ጊዜ መጥቶ አባሯታል። ቡፌውንም ከጀርባው መተንፈሻ ብሎ እንደ ወንፊት በስቶታል እኮ። አላየሽውም?»

አላየችውም። ተሻግራ ቡፌውን ዞር አድርጋ ማየት ነበረባት፤ መንገዱ ደግሞ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

ሳሌሃ ወደ ግድግዳው ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወላሂ አልናገርም አስብሎኛል። ‹ድመቷ የእሷ ናት፤ ሥራ እንዲመጣላት ድመቷን እየላከች የሰው ዕቃ ታስበላሻለች ይሏታል። እኔ ወልቂጤ ቤተሰብ አለኝ፣ እሷ ያለቻት ስሟ ነች› አለኝ። እንግዲህ ሊሄድ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ትርሲት ፀጉሩን በመዳፏ እንደያዘች ቁጣዋን ፈለገችው። ከእጅ አምልጦ ጠረጴዛ ሥር እንደገባ ብሎን የትም አጣችው።

ሐሙስ ጠዋት የሾፌሩ የሸምሶ አይሱዙ የቃለአብ በር ላይ ቆመ። ጣውላው፣ መላጊያው፣ ያልተሸጡት ቡፌዎች ተጫኑ። ቃለአብ ጋቢና ገብቶ በሩን ዘጋ። ሰዉ ሊሰናበት ተሰብስቧል፤ በነሐሴ ከቆሙት ስድስት ደንበኞች አራቱ እዚያው ነበሩ። ሸምሶ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ትርሲት የተከፈተውን ሪሲቨር ታቅፋ ከሱቋ ወጣች።

«ስሙኝ» አለች። ድምፅዋ የጠብ ነበር፤ ሌላ ድምፅ አልነበራትም። «ይኼን ማሽን የገደለው የቃለአብ ቡፌ አይደለም። የእኔ ድመት ናት። ፀጉሯ ይኸው። እኔም ሳልከፍት ፈረድኩ። ሳይከፍት የሚፈርድን ሰው ምን እንደምለው ታውቃላችሁ። ዛሬ ያንኑ እኔን በሉኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ።

«ደንቆሮ ነው የምትዪው» አለ ሸምሶ ከመሪው ኋላ።

«አዎ፤ እሱን።»

ቃለአብ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ጨረስሽ?»

አልጨረሰችም። ሪሲቨሩን ለሳሌሃ አስይዛ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። በስድስት ሰው ፊት የሰደበ አፍ በሃያ ሰው ፊት ይቅርታ መጠየቅ አላቃተውም፤ የቀረው አንድ ቃል ግን ከሁሉም ከበደ። ዓይኖቹን አየች፤ እሱም አልሸሸም።

«አትሂድ» አለችው፣ ከጋቢናው በማያልፍ ድምፅ።

ሸምሶ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«እንዲህ ስትለሰልሺ አላምንሽም» አለ ቃለአብ፤ ሳቁ ግን ሊያመልጠው ነበር። «በምታውቂበት አፍ በይው።»

ትርሲት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ቀና አለች።

«አንተ ያልተላግህ ግንድ፣ ውረድ አልኩህ።»

ወረደ።