የክርስትና ስሙን የሰጠሁት ሰፋሪ

እኔ በድግምትም በቡዳም የማላምን ሰው ነኝ፣ አማቴ «በማታ የፈላ ውኃ ደጅ አትድፊ» ሲሉኝ ሆን ብዬ የምደፋ፣ ሰው ተለከፈ ሲባል «ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ብዬ የምሟገት፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ስቄ እንደምሸኘው እያወቅሁ ነው።

ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ማመልከቻ የምጽፍባትና ፎቶ ኮፒ የማነሳባት ጠባብ ቤት ነበረችኝ። ባለቤቴ ሙላት ጨነቅ የሚባል ተራራ ላይ ያለ ካምፕ ውስጥ የፓርክ ጠባቂ ነው፣ ስካውት እንደምንለው፣ እዚያ ይሰነብትና ለእረፍት ቤት ይመጣል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ላፕቶፔ ላይ አንድ ደንበኛ በፍላሽ የጫነልኝን ጌም እጫወት ነበር፣ ሰዎችን ወስዳችሁ ሩቅ ብርዳም ፕላኔት ላይ ታሰፍራላችሁ፣ ቤት ትሠሩላቸዋላችሁ፣ እህል ታበቅሉላቸዋላችሁ፣ አገሩ አልስማማቸው ሲል ደግሞ ራሳቸውን ሰዎቹን ትቀይራላችሁ፣ ዘረ መላቸውን ማለቴ ነው፣ ይኼኛው ትንሽ አየር ይብቃው፣ ያቺኛዋ በጨለማ ትይ እያላችሁ።

ሰፋሪዎቹ ስም ይፈልጋሉ። በዘመዶቼ ስም ብሰይማቸው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሁሉ በትከሻዬ አሻግሮ አይቶ የሰፈር ወሬ ያደርገኛል፣ ስለዚህ ማንም በማያውቀው፣ በክርስትና ስማቸው ጻፍኳቸው። ብልጠት መስሎኝ ነበር። ቄስ በጸሎት የሚጠራው፣ ክፉ ደብተራ እጅ እንዳይገባ እናት ለጎረቤት እንኳ የማትናገረው ስም መሆኑን አጥቼው አይደለም፣ ግን ጌም ነዋ፣ ማን ይሰማዋል? የሙላትን ለእናንተም አልነግራችሁም፣ አትቀየሙኝ።

አንድ ቀን ሙላት ከጨነቅ ደውሎ ብርዱ አጥንቱ ድረስ እንደገባ፣ ተረኛ ሲሆን እንቅልፍ እየጣለው እንደተቸገረ አጫወተኝ። የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዝኩት ያኔ ነው፣ ሆድም ብሶኝ ስለነበር ስልኩን እንደዘጋሁ ጌሙን ከፍቼ የእሱን ሰፋሪ ብርድ እንዳይሰማው፣ እንቅልፍም እንዳያሻው አደረግሁት። ጌሙ ለውጡ እንደማይመለስና ወደ ልጅም እንደሚተላለፍ አስጠነቀቀኝ፣ እሺ ብዬ አለፍኩት።

ለእረፍት ሲመጣ በረዶ እየወረደ ነበር፣ በሸሚዝ ብቻ ገባ።

«ካፖርትህስ?»

«ለአንድ በቅሎ ነጂ ሰጠሁት፣ ምን ያደርግልኛል።»

እጁን ስይዘው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፣ እሱ ግን ፈገግ ይላል። ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት፣ እመኑኝ፣ ሽሮው ፈልቶ፣ በልተን፣ ገበታው እስኪነሳ ድረስ ፀጉሩ ላይ ያለው በረዶ አልሟሟም። ላራግፍለት ስል «ተዪው፣ አያስቸግረኝም» አለኝ።

ጋደም በል ስለው «አልደከመኝም» ብሎ ወጣና ቤቱን መዞር ጀመረ። ኮቴው በመስኮቱ ሥር ያልፋል፣ ጓሮ ሲደርስ ይጠፋል፣ በበሩ በኩል ይመለሳል፣ ደግሞ ያልፋል። ተቁነጠነጥኩ፣ እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ላፕቶፑን ብከፍት ሌሎቹ ሰፋሪዎች ተኝተዋል፣ የእሱ ግን የሰፈሩን ግድግዳ ጥግ ጥጉን ይዞ ይዞራል። እሱ ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ የውጭው ኮቴም ይታጠፋል። አጋጣሚ ነው አልኩ፣ እንዲያውም ሳቅሁ። ከዚያ ጌሙን ለአፍታ አቆምኩት።

ኮቴው ቆመ።

በመስኮቱ አየሁት፣ አንድ እግሩን ከመሬት አንስቶ፣ በረዶው ፊቱ ላይ እየወረደበት፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ። ሙላት፣ ሙላት ብዬ ጠራሁት፣ አልሰማኝም። በክርስትና ስሙ ልጠራው አፌን ከፈትኩና ፈራሁ። ተመልሼ ጌሙን ስለቀው እግሩን አሳረፈና ወደ እኔ ዞሮ «ምነው አፈጠጥሽ? ከመስኮቱ ዞር በይ፣ ብርድ ይመታሻል» አለኝ።

ለውጡን ልመልስ ብሞክር እምቢ አለ። የሚፈቀደው ሰፋሪውን ማጥፋት ብቻ ነው። በዚያ ስም የተጠራን ሰው ይጥፋ ብዬ ልጫን? እናንተ ብትሆኑ ትጫኑ ነበር? ላፕቶፑን ዘጋሁት፣ ስዘጋው ደግሞ ኮቴው አልቆመም፣ ይህን ምን እንደምለው እስከዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሙላት ተኝቶ አይቼው አላውቅም። እሱስ ተመችቶታል፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?» ይለኛል። ልወልድ ስቃረብ አላስችል ብሎኝ ጌሙን አንዴ ከፈትኩት፣ ሰፋሪው ልጅ ወልዷል፣ የሕፃኗ ስም ቦታ ባዶውን ሆኖ እንድሞላው ይጠብቃል። ላፕቶፑን ከድኜ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ክርስትና የምትነሳበት ቀን ሲደርስ የነፍስ አባቴን ለብቻቸው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ስሟን ለእኔ አይንገሩኝ።»

«እናቷ አይደለሽም እንዴ ልጄ? በምን ስም ልትጸልዪላት ነው?»

«የክርስትና እናቷ ትወቀው፣ ይበቃል።»

አባ ምክንያቱን ሳይጠይቁኝ እሺ አሉ። ስሟ ሲጠራ ውጭ ቆሜ ጆሮዬን በነጠላዬ ይዤ ነበር፣ እስከዛሬም አላውቀውም፣ እጄን አላምነውማ።

እንቅልፌ ከባድ ነው፣ ሌሊት እንዴት እንደምታድር አላይም። ጠዋት ስነቃ ጋቢው ከላይዋ ተገፍፎ፣ ሳታለቅስ፣ ዓይኗን ገልጣ አጠገቧ የተቀመጠውን አባቷን ስታይ አገኛታለሁ።

«ተኝታ ነው ያደረችው?» እለዋለሁ።

«አዎ፣ ደህና ተኝታለች» ይለኛል፣ እኔም እሺ እለዋለሁ፣ እግሯን ስነካው ግን ቀዝቃዛ ነው።