ሟቹ የሳቀበት ዛቻ

የፊልም አዘጋጁ አንሰልም ቶኤ ትርዒቱ እንዳበቃ ተመልካች ፊት ቆሞ ሊናገር ሲጠበቅ፣ ከመድረኩ በስተጀርባ ባለችው የአልባሳት ክፍል ወለል ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። ለማስታወቂያ ከተሰቀሉት የብረት ጦሮች አንዱ ደረቱ ላይ ተሰክቷል። የዋጋዱጉ ፖሊስ መርማሪ ኤውላሊ ዳቢሬ ስትደርስ፣ ደጅ የቆመው ሕዝብ የሚያማው ፊልሙን ነበር።

የመጀመሪያው «ሰማያዊው ካባ» ከስድስት ዓመት በፊት አገር ያስለቀሰ የነገሥታት ታሪክ ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን ዛሬ ተመልካቹን በንቀት አስፏጭቷል።

የክፍሏ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፦ በፊተኛው ፊልም ንግሥቲቱን በተጫወተችው በኦኖሪን ባንሴ፣ በፊልም ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር በመምህር ቪክቶር ባዚዬ፣ በአልባሳት ጠባቂው በሽማግሌው ቲንጋ ዙንግራና። ዳቢሬ ሦስቱንም አስጠራች።

«ካባ ነው ይሄ?» አለ ባዚዬ። «ናይሎን ለብሶ የሚፎክር ንጉሥ! ሲራመድ እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ከሁለት ሰዓት ውስጥ ፊልም የሚባለው የቤተ መንግሥቱ ቃጠሎ ብቻ ነው። ለእሱ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ።»

«አንተ ለማን አታጨበጭብም?» አለች ኦኖሪን። «የእኔን ዘውድ ለአንዲት መራመድ ለማትችል ልጅ ሲሰጥ ማኅበርህ ምን አለ?»

«አንቺ ለውዝ ካገኘሽ ዘውድ ምን ያደርግልሻል?»

«ዝም በል፣ የአባቴ ባሪያ!»

ሁለቱም በድንጋጤያቸው መካከል ፈገግ አሉ። እሷ በለውዝ ወዳድነታቸው ከሚቀለድባቸው ከቢሳዎች ናት፣ እሱ ጉሩንሲ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ነገዶች መካከል ስድብ የዝምድና ሰላምታ ነው፣ የሚያፍረውም የተቆጣው ነው።

ዳቢሬ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባ ቲንጋ፣ የመጀመሪያው ካባ ወዴት አለ?»

«ከሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ልጄ። ባለቤቴ ናት የሸመነችው። ሰባት ወር ፈጀባት፤ ፊልሙን ግን ሳታየው ሞተች።»

ከመተላለፊያው ማዕዘን ወዲያ የምትቀመጠው ትኬት ቆራጭ ፓዊንዴ ተጠየቀች።

«ጠብ ሰምተሻል?»

«ኧረ ምንም ጠብ የለም፣ አለቃ! እንዲያውም አንሰልም ይስቅ ነበር።»

«ምን አሳቀው?»

«ሰውየው ‹ዛሬ እቀብርሃለሁ፣ አንተ የውሻ ራስ በላ!› ይለዋል። እሱ በሳቅ ይፈርሳል።»

«ሰውየው ማን ነበር?»

«አዳራሹ እየጮኸ ድምፁን አልለየሁትም። ደግሞ ይኼን ማን ጠብ ይለዋል?»

ዳቢሬ ወደ አልባሳት ክፍሏ ተመለሰች። ሣጥኑን አስከፈተች፤ ከዚያም የቃጠሎውን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አስደግማ ብቻዋን አየች። በመጨረሻ አራቱንም በባዶው አዳራሽ የፊት ወንበሮች ላይ አስቀመጠች።

«አንሰልም የሳሞ ሰው ነበር» ስትል ጀመረች። «አንድ ሰው እቀብርሃለሁ አለው፤ እሱም ሳቀ። እህቴ ኦኖሪን ወይም መምህሩ እንዲህ ቢሉት ስድብ ነውና ይጣላቸው ነበር። ሳሞን የውሻ ራስ በላ ብሎ የሚያስቀው የስድብ ዘመዱ ሞሲ ብቻ ነው። ከቁልፉ ባለቤቶች ደግሞ ሞሲ አንድ ነው።»

«ልማድ የፈቀደልኝን ተሳደብኩ» አለ ቲንጋ በእርጋታ። «ለዚህ ሰው ይታሰራል?»

«ለስድቡ አይታሰርም። ናይሎን ሲቃጠል ይቀልጣል፣ ጠቁሮ ይንጠባጠባል። በፊልሙ ውስጥ የነደደው ካባ ግን ዳሩ ቀልቶ፣ ቀስ ብሎ ግራጫ አመድ ሆነ። ያ ጥጥ ነው። አንሰልም ለአንድ ትዕይንት ብሎ የባለቤትዎን ሥራ አቃጥሏል። ካባው አለበት ያሉኝ ሣጥን ባዶ ነው፤ ከባዶው ሣጥን ውስጥ ያገኘሁት ስምዎ የተጻፈበትን የዛሬውን የጥሪ ካርድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከፍተውታል፤ ባዶ መሆኑን እያወቁ ዋሹኝ።»

ሽማግሌው ወደ ባዶው የፊልም መጋረጃ ዞረ።

«ከወንበሬ ሆኜ ነው ያየሁት» አለ በመጨረሻ። «አሸማመኗን አውቀዋለሁ፤ ዳሩ ላይ የራሷን ምልክት ትታ ነበር። እሷ ስትነድድ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ሮጬ ሣጥኑን ከፈትኩ። ከዚያ አንሰልም ገባ። እቀብርሃለሁ አልኩት፣ ሳቀ። ጦሩን አወረድኩ፤ ‹አንተ የአህያ ሌባ፣ ዕቃዬን አስቀምጥ!› ብሎ ይብሱን ሳቀ።»

ባዚዬ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።

«በእናንተና በሳሞዎች መካከል ደም አይፈስም ነበር፣ አባ» አለች ዳቢሬ።

«አውቃለሁ። የአባቶቼን ቃል ያፈረስኩት ለእሷ ብዬ ነው፤ አልጸጸትም።» ሁለት እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ፤ ነገር ግን ብረቱ ሳይነካው አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ ቀና አለ። «አለቃ፣ እኔ ስወጋው ፊቱን አላየሁትም፤ አንቺ አስከሬኑን አይተሻል። የምሬን መሆኑ በመጨረሻዋ ሰዓት ገብቶት ነበር?»

ዳቢሬ መዋሸት ትችል ነበር።

«አልገባውም፣ አባ። ቀልድ እንደመሰለው፣ ፊቱ እንደሳቀ ነው የሞተው።»

ሽማግሌው የዘረጋቸውን እጆች ወደ ራሱ መለሰ።

«እንግዲያ» አለ፣ «ምኑን ተበቀልኩት?»