የይመኑ ሃያ አራት ገመዶች

ሕንጻው ዛሬም እንደ ወትሮው በማለዳ ሦስት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ተራመደ። ፀሐይ ለመሞቅ ነው። በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ከአርባው ፎቅ ነዋሪ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም። ሻይ የሚጠጣው ብርጭቆውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፣ ጢሙን የሚላጨው ምላጩን ለአፍታ ከአገጩ አራቀ፣ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ።

በዘጠነኛው ፎቅ ያለው የመዛግብት ቤት ሠራተኛ ትርንጎ ደግሞ መራመዱንም አላስተዋለች። ዐይኗ አካል-ሰጪው ላይ ነበር። አካል-ሰጪ በወረቀት ላይ የተሣለን ማንኛውንም ነገር ከዱቄትና ከብርሃን አበጅቶ የሚያወጣ፣ ጎተራ የሚያህል ሣጥን ነው። ጋሪ ብትሥሉለት ጋሪ ያወጣል፤ አበላሽታችሁ ብትሥሉለት የማይሄድ ጋሪ ያወጣል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። አሁን አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ነጭ ዱቄት ቡን አለ፣ በሩም ተከፈተ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አለችው አካል-ሰጪውን የምታሠራው ማንጠግቦሽ፣ ጎኑን መታ መታ እያደረገች። "በዚህ ሳምንት ስድስተኛሽ ነው። ምናለ አንድ እንኳ የሚረባ ብትወልጂ!"

"ሟርተኛ!" አለች ትርንጎ። ሳቋን ግን መያዝ አልቻለችም።

ከሣጥኑ የወጣው የሁለት ሰው ቁመት ያለው የእንጨት መንኮራኩር ነው። ዙሪያውን የቆዳ ስልቻዎች ተንጠልጥለውበታል፤ ከእምብርቱ ደግሞ ሃያ አራት ገመዶች ወጥተው ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ውኃ ከጉድጓድ አውጥቶ ማሳ የሚያጠጣ መሣሪያ ነው። ንድፉን የሣለው ይመኑ ጓንጉል የሚባል አናጢ ሲሆን፣ የኖረውም በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነበር።

ይመኑ ከነጋዴዎች ጋር ባሕር ተሻግሮ ሳለ፣ የሰው ፈጠራ የሚመዘገብበትና ለፈጣሪው የመብት ወረቀት የሚሰጥበት ቤት መኖሩን ሰማ። "የእኔንም መዝግቡልኝ" ብሎ አመለከተ። መርማሪዎቹ ቢሞክሩት አልዞር አላቸውና መለሱበት። እንደገና አመለከተ፤ እንደገና መለሱበት። እንዲህ እየተባባሉ በሃያ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ተጻጻፉ። ሰባቱም ማመልከቻዎች ከነመልሶቻቸው ትርንጎ እጅ ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስላነበበቻቸው የይመኑን የእጅ ጽሑፍ ከራሷ ጽሑፍ ይበልጥ ታውቀዋለች።

ከመልሶቹ ሁሉ አንድ ቅሬታ አይጠፋም። ይመኑ ገመዶቹ እንዴት እንደሚሳቡ ሲያስረዳ "እንደ ልማዱ ይሳባል" ብሎ ያልፈዋል። መርማሪዎቹ "ልማዱ ምን እንደሆነ አመልካቹ አልገለጸም" ይላሉ። በሚቀጥለው ማመልከቻ ይመኑ ወረቀቱን ያሰፋል፣ ሥዕሉን ያሳምራል፣ የእንጨቱን ዓይነት ይጨምራል፣ ገመዱ በስንት ክር እንደተገመደ ይቆጥራል፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ግን አሁንም "እንደ ልማዱ ይሳባል" ነው። ምን ብሎ ያብራራው? ሰው እንዴት እንደሚያዛጋ ለሰው ይጻፋል? በሰባተኛው ላይ ትንሽ ቆጣ ብሏል። "ጌቶቼ ሆይ፣ በአገራችን ሦስት በጋ አጠጥቷል። ውሸታም አይደለሁም። መጥታችሁ እዩ" ይላል። የመጣ አልነበረም።

አሁን ነገሩ መዛኝ ዘንድ ደርሷል። መዛኝ የመዛግብት ቤቱ ዳኛ ነው። ሰው ሠራሽ አእምሮ ስለሆነ ድምፁ ከጣሪያው ይመጣል፤ ለሙከራ ከሚጠቀምባቸው የብረት ክንዶች በስተቀር አካል የለውም። በድሮ ጊዜ ያልጸደቁ ፈጠራዎችን አንድ በአንድ እያሠራ ይፈትናል። የሠራው መዝገብ ይቀመጣል። ባልሠራው ላይ ከነፈጣሪው ስም "የማይሠራ" የሚል ማኅተም ይመታበትና ወረቀቱ ተፈጭቶ የአካል-ሰጪው ዱቄት ይሆናል። የይመኑ ቀነ ገደብ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ትርንጎን ያንገበገባት የወረቀቱ መፈጨት ብቻ አይደለም፤ ማኅተሙ ነው። ሰባት ጊዜ እውነቱን ተናግሮ ሰባት ጊዜ ያላመኑትን ሰው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ ስምንተኛ ጊዜ ውሸታም ማለት ግፍ ሆነባት።

"እንጀምር?" አለ መዛኝ።

"እስካሁን ከስድስት ክንድ በላይ አልሞከርንም። ዛሬ ሃያ አራቱንም አውርድልኝ።"

ሃያ አራት ክንዶች ከጣሪያው ወርደው አንዳንድ ገመድ ያዙ። መዛኝ ቆጠረ። ክንዶቹ ሁሉ በአንዲት ቅጽበት፣ ቅንጣት ሳይቀዳደሙ ሳቡ፤ በአንዲት ቅጽበትም አቆሙ። እምብርቱ ውስጥ ያለው የእንጨት ጥርስ ቀጭ ብሎ ነከሰ፤ መንኮራኩሩ ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ ለሁለት ተሰነጠቀ። ማንጠግቦሽ ጠረጴዛ ሥር ገባች። አንድ ስልቻ በላይዋ አልፎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

"አልሠራም" አለ መዛኝ።

"አይተናል!" አለች ማንጠግቦሽ ከጠረጴዛው ሥር።

የመዛግብት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደርበው ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሥርዓት ይወዳሉ፤ ነጭ ሸሚዛቸውን ደግሞ ከሥርዓትም አብልጠው ይወዳሉ። ስብርባሪውን በጫማቸው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረጉት።

"ትርንጎዬ፣ ይብቃሽ። ሰውየው ቅን ሰው ሳይሆን አይቀርም። ቅን ሰውም ይሳሳታል እኮ።"

"አልተሳሳተም፣ አቶ ደርበው። ሦስት በጋ አጠጥቷል ብሎ ጽፏል።"

"ያየ ምስክር አለ?"

"እሱ ራሱ አይቷል።"

አቶ ደርበው በረጅሙ ተነፈሱ። "ዱቄት አላችሁ?"

"ለአንድ ብቻ የሚሆን" አለች ማንጠግቦሽ። "ከዚያ በኋላ እስከ ነገ የለም።"

"በሉ እሱን ሞክሩና ይብቃ። እኔም ቆሜ አያለሁ።"

ሰባተኛው መንኮራኩር ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ተወለደ። ትርንጎ ክንዶቹ ቀስ ብለው፣ በጣት በጣት እየለኩ እንዲስቡ አዘዘች። መንኮራኩሩ እያቃሰተ ተንቀሳቀሰ። ለሙከራ ከሥሩና ከላዩ ሁለት ገንዳ ተቀምጦ ነበር፤ ስልቻዎቹ ከታችኛው ገንዳ ውኃ ቀድተው ግማሽ መንገድ ወጡ። ትርንጎ ወደ መንኮራኩሩ ተጠጋች። ከጉጉቷ የተነሣ አንድ ነገር ረስታለች፤ ማንጠግቦሽም ረስታዋለች። ሕንጻው በቀትርም ፀሐይን ተከትሎ ይራመዳልና፣ የቀትሩ እርምጃ ደርሶ ነበር። ሕንጻው ሲራመድ ኃይሉ ሁሉ ወደ እግሮቹ ስለሚሄድ ክንዶቹ ይተኛሉ።

ወለሉ ንቅንቅ አለ። ክንዶቹ ዛሉ፤ ገመዶቹንም ለቀቁ። ሙሉ ስልቻዎች የተሸከመው መንኮራኩር ወደ ኋላ መሽከርከር ጀመረ።

ትርንጎ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ አንዱን ገመድ አፈፍ አደረገች። ማንጠግቦሽ ሌላውን ያዘች። አቶ ደርበውም ሸሚዛቸውን ረስተው ሦስተኛው ላይ ተንጠለጠሉና "ኧረ የሰው ያለህ!" ብለው ጮኹ።

በዚህ ሕንጻ እንዲህ ያለ ጩኸት ከተሰማ ስንት ዘመኑ! ሁሉን ነገር ክንዶች ስለሚሠሩት ጎረቤት ጎረቤቱን ለእርዳታ ጠርቶ አያውቅም። ቢሆንም በሮች ተበረገዱ። የችግኝ ፎቅ ሠራተኞች ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ መጡ፤ አንዲት የሒሳብ መምህርት፣ ሁለት ኳስ ተጫዋቾች፣ የሕንጻውን ጉልበቶች ዘይት የሚቀቡት ጋሽ ቢረሳውም መጡ። ሁሉም ያገኘውን ገመድ ያዘ፤ ሃያ አራቱም ገመድ ሰው አገኘ። አንዱ ሲጎትት ሌላው ይለቃል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ይወድቃል። መንኮራኩሩ መሸሹን አላቆመም።

"እንዲህማ አይሆንም!" አሉ ጋሽ ቢረሳው። "የማነው ይኼ ሥራ?"

"የይመኑ ነው! የአናጢው! ውሸታም ብለውት ነው!" ትርንጎ ልቅሶ ሊቀድማት ምንም አልቀራት።

"በሠርግ ሆ ብላችሁ አታውቁም? ተቀበሉኝ!" ጋሽ ቢረሳው ጉሮሯቸውን ጠረጉና አወረዱት፦

"ይመኑ አናጢው!"

"ሆ!"

"ውሸታም ያሉት!"

"ሆ!"

"ውኃ ይዞ መጣ!"

"ሆ!"

በየ"ሆ"ው ሁሉም ሳበ። ከጋሽ ቢረሳው አጠገብ ያሉት ቶሎ፣ ራቅ ያሉት ዘግየት ብለው፤ ጉልበታሙ ቀደም፣ የደከመው ለጥቆ። አንዱ ሲጨርስ የጎኑ ሰው ይጀምራል፤ ስቡ እንደ ወሬ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ክቡን ዞረ። ስቡ ስለማይቋረጥ እምብርቱ ውስጥ ያለው ጥርስ የሚነክስበት ፋታ አጣ። መንኮራኩሩ ቆመ፣ አመነታ፣ ከዚያ ወደ ፊት ዞረ። አንድ ሙሉ ዙር ሄደ፤ ደገመ። ስልቻዎቹ ውኃቸውን ላይኛው ገንዳ ውስጥ ደፉ፣ ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ወለሉ ወንዝ ሆነ። መምህርቷ እልልታዋን አቀለጠችው። ሕንጻው እርምጃውን ጨርሶ ክንዶቹ ሲነቁ ገመዱን የሚሰጣቸው ሰው አልተገኘም።

"ሠራ" አለ መዛኝ። ግራ የተጋባ ይመስል ነበር። "ግን ስህተት አለበት። ሃያ አራቱ ሰዎች የሳቡት በሃያ አራት የተለያየ ቅጽበት ነው። ላርመው?"

"እንዳትነካው!" ትርንጎ ከእግር እስከ ራሷ ርሳለች። "አንድ ላይ ነው የሳብነው።"

"አንድ ላይ አልነበረም። ለክቼዋለሁ።"

"ለሰው አንድ ላይ ማለት እንዲህ ነው። ይመኑ ልማዱ ያለው ይኼን ነው። ደቦ ወጥቶ የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን በምን ይወቅ? የሚያውቀውን ሁሉ ጻፈ፤ ይኼኛውን ግን ማወቁንም አያውቅም ነበር።"

መዛኝ ልኬቱን እንደገና አየው፤ ሦስት ሰከንድ ፈጀበት። ለእሱ ይህ ረጅም ጊዜ ነው።

"'የማይሠራ' የሚለው ማኅተም ቀርቷል" አለ። "የይመኑ ጓንጉል ፈጠራ ይሠራል ተብሎ ተመዝግቧል።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ማንጠግቦሽ አቶ ደርበውን አቅፋ ሳመቻቸው፤ እሳቸውም አልሸሹም። ትርንጎ ገመዷን እንደያዘች እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለች። አንድ ሰው፣ በመጨረሻ፣ ታመነ።

"አንድ ጉድለት ግን እመዘግባለሁ" አለ መዛኝ። "በስሌቴ መሠረት ስምንት ገመድ ይበቃው ነበር። አሥራ ስድስቱ ትርፍ ናቸው። ለምን ጨመራቸው?"

ትርንጎ ብድግ ብላ የሰባተኛውን ማመልከቻ ሥዕል ከመደርደሪያ አመጣች። በእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። መዛኝ ልኬት ስላልሆነ ዘሎታል፤ እሷም እስከ ዛሬ የገመዶቹ መለያ ብቻ ይመስላት ነበር። ጮክ ብላ አነበበች። "የወለተ ሚካኤል። የአባ ጎሹ። የመርሻ ባልቴት። የዓይነ ሥውሩ የንጋቱ..." ሃያ አራት ስም ነው። በአራተኛው ማመልከቻ ላይ ይመኑ የሰፈሩን ቤቶች ቁጥር ጽፎ ነበር፤ እነሱም ሃያ አራት ናቸው።

"ስምንት ቢያደርገውማ" አሉ ጋሽ ቢረሳው በትከሻዋ በኩል እያዩ፣ "አሥራ ስድስቱ ቤት ቆሞ ሊያይ አልነበር?"

መዛኝ ጉድለቱን ከመዝገቡ ፋቀው።

ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ሲባል አንድም ሰው አልሄደም። ጎን ለጎን ዓመታት የኖሩ ሰዎች ገና ስም እየተጠያየቁ ነው። አቶ ደርበው እጅጌያቸውን ሰብስበው "አሁን ደግሞ እኔ ላውርድ" እያሉ ነው፤ ድምፃቸው እንደማያምር ሁሉም ያውቃል፤ የከለከላቸው ግን የለም።

"ትርንጎ" አለ መዛኝ፣ ሰምታው በማታውቀው ዝግ ያለ ድምፅ። "ሃያ አምስተኛ ገመድ ለአሠራሩ አያስፈልግም።"

"አዎ፣ አያስፈልግም።"

"አውቃለሁ። ለእኔ አንድ ይጨመርልኛል?"

ማንጠግቦሽ መጀመሪያ አፏን ከፍታ ጣሪያውን አየች። ከዚያ የመጋረጃውን ገመድ ፈትታ እምብርቱ ላይ አሰረችው። አንድ ክንድ ብቻ፣ ቀስ እያለ፣ ከጣሪያው ወርዶ በመምህርቷና በአንዱ ኳስ ተጫዋች መካከል ቆመ።

"በስንት ሰከንድ ልዘግይ?" ሲል ጠየቀ።

"ሰከንዱን ተወው" አሉት ጋሽ ቢረሳው። "የጎንህን ሰው ፊት እያየህ ሳብ።"

በመጀመሪያው ዙር ቀደመ፤ መንኮራኩሩ ተንገጫገጨና ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። በሁለተኛው በጣም ዘገየ። መምህርቷ ክንዱን ቸብ አድርጋ "አይዞህ" አለችው። አቶ ደርበው በዚያ በማያምር ድምፃቸው አወረዱ፤ ሌሎቹ ሰዎች ተቀበሉ፤ መንኮራኩሩም ያለ ምንም መንገጫገጭ ዞረ። ከጣሪያው ደግሞ፣ ከሁሉም ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ አንድ ብቸኛ ድምፅ "ሆ!" አለ።