አራት ጥሪ ከድልድዩ

የጊታሂን አስከሬን ያገኙት ዓርብ ጠዋት ነው፤ ከካሩጎ ሸለቆ ሦስተኛ መሻገሪያ በታች፣ ሁለት ቋጥኞች መሃል ተቀርቅሮ። ፖሊሶቹ ጎትተው ሲያወጡት ኢንስፔክተር ቼፕኩሩይ ከፊቱ በፊት ያየችው የጀርባ ቦርሳውን ነበር። የደረቱም የወገቡም ማያያዣ ጥርቅም ብሎ ተቆልፏል።

«ይሄን ማን ቆለፈው?»

«ራሱ ነዋ፣ ማዳም» አለ አንዱ ፖሊስ። «ወንዝ ደግሞ ቦርሳ ይቆልፋል እንዴ?»

ቼፕኩሩይ አልሳቀችም። በዚያ ሸለቆ ውሃው ሲያልፍ ሰው በስም የሚጠራ ይመስላል፤ የአገሩ ሰው እዚያ ስሙን ቢሰማ አቤት አይልም። እሷ እንዲህ ያለ ወሬ አታምንም። ይሁንና አቀበቱን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች።

አፋፉ ላይ የሟቹ ልጅ ንዮካቢ ጠበቀቻት። አባቷ ከናይሮቢ የሚነሣ የእግረኞች ማኅበር መሪ ነበር። ቅዳሜ አርባ ሰው ይዞ ሸለቆውን ወርዶ በአንድ ቀን ሊወጣ አቅዶ፣ ሐሙስ መንገዱን ሊቃኝ ብቻውን ወረደ። ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ፣ በጠራራ ፀሐይ ጎርፍ ደርሶ ወሰደው።

«ሰዉ አባቴን በሬሳው ላይ እየረገመው ነው» አለች ንዮካቢ። «‹አሁንም ሳይደውል ወረደ፣ የእጁን አገኘ› ይላሉ። ነገ ስቀብረው ማን ይቆምለታል?»

«አሁንም ማለት?»

ንዮካቢ ነገረቻት። ወደ ሸለቆው ማንም ከመውረዱ በፊት፣ ከላይ በድልድዩ አጠገብ ለሚኖሩት ሽማግሌ፣ ለምዜ ንጋቲያ ይደወላል። እሳቸው ውሃውን አይተው «ንጹሕ ነው» ወይም «ደፍርሷል» ይላሉ፤ ደፍርሶ ካዩት ሳይጠየቁም ራሳቸው ይደውላሉ። ከድልድዩ እስከ ሸለቆው ጎርፉ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የዛሬ ሦስት ዓመት ጊታሂ ሳይደውል ሰው አወረደ ተባለ፤ ዋንጌቺ የምትባል ወጣት ጎርፍ በላት። ጊታሂ አንድም ቀን አላስተባበለም። ከዚያ ወዲህ በየጉዞው የስም ዝርዝር ላይ ዋንጌቺን አንደኛ አድርጎ ይጽፋል፤ ሲቆጥርም ስሟን ይጠራል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ያልፋል።

«ያንን ዝምታ እፈራው ነበር» አለች ንዮካቢ። «አንድ ቀን አቤት የምትል ይመስለኝ ነበር።»

ሐሙስ አፋፉ ላይ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ንዮካቢ፣ ሹፌሩ ሙቲንዳና የጊታሂ ረዳት ንዴሪቱ። ንዴሪቱ የዋንጌቺ ወንድም ነው።

ቼፕኩሩይ ሚኒባሱ ውስጥ የነበረውን የማኅበሩን ስልክ ከፈተች። ሐሙስ ጠዋት ከምዜ ንጋቲያ የመጣ አራት ጥሪ አለ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ተነሥቷል፤ ሦስቱ ሳይነሡ ቀርተዋል።

«ማዳም፣ እኔ ሰው አወርዳለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው እጭናለሁ» አለ ሙቲንዳ። «ሚስቴን ይጠይቋት፤ ቤት ቢቃጠል አልነቃም።»

ንዮካቢ በዚያን ሰዓት ለቁርስ የሚሆን ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ ልትገዛ ገበያ ሄዳ ነበር።

ንዴሪቱ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው። «ጊታሂ አልጠየቀም» አለ። «‹ሰማዩ ጥርት ብሏል› ብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወረደ። ስልክ ሲነሣ አላየሁም።»

«ቂም ነበረህ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ የእህቴን ስም ሲጠራ ሰማሁ። እርስዎ ቢሆኑስ?»

ከሰዓት በኋላ ምዜ ንጋቲያ በፖሊስ መኪና መጡ። ቼፕኩሩይ ሁሉንም አፋፉ ላይ ባለችው ሻይ ቤት ሰበሰበች። ከናይሮቢ የመጡት የማኅበሩ አባላት ውጭ ቆመው ያጉረመርማሉ።

«ጊታሂ በሰው ሁሉ ላይ የሚጮህበት ነገር ምን ነበር?» አለች።

«ማያያዣ!» አለ ሙቲንዳ። «‹ወንዙን ከተጠራጠርክ ማያያዣህን ፍታ፤ ውሃ ከያዘህ ቦርሳውን ጣለው!› እኔ እንኳ ከመኪናዬ ሳልወርድ ሸምድጄዋለሁ።»

«የሱ ሁለቱም ተቆልፈው ነበር። እዚሁ ሸለቆ ሰው የሞተበት ሰው ሳይጠይቅ ቢወርድ ይጠራጠራል፣ ይፈታል። የቆለፈው ንጹሕ ነው ተብሎ ስለተነገረው ነው። ምዜ፣ ምን ብለው ነበር የደወሉት?»

«‹ደፍርሷል፣ ማንም እንዳይወርድ› ብዬ። ነፋስ ነበር ልጄ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየሁትም። ብቻ ወንድ ነው። ‹እሺ፣ እሺ› አለኝ።»

ቼፕኩሩይ ከአንድ አባል የተዋሰችውን ስልክ አወጣች። «ለቅዳሜ የሚያዙ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። ረቡዕ አንድ ጊዜ ተልኳል፤ ሐሙስ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ተደግሟል። ሁለት ነገር ብቻ ተጨምሮበታል። ‹ለመሻገሪያ ሰንደል ጫማ ያዙ። ገመድ እኔ አመጣለሁ።› ወንዙ ሁለት ወር ሙሉ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። ጎርፉ እዚህ የደረሰው አራት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ገመድ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ፣ ያን ስልክ ያነሣ ሰው ብቻ ነው። ዝርዝሩን የላክኸው አንተ ነህ፣ ንዴሪቱ።»

ንዴሪቱ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«እነሱ ምን አጠፉ?» አለ። «አርባ ሰው ነው። ውሃ እንዳይወስዳቸው ብዬ ነው።»

ሙቲንዳ «ኧረ በእግዚአብሔር!» ብሎ ከአጠገቡ ተነሣ።

«ጊታሂን ‹ምዜ ንጹሕ ነው ብለዋል› አልኩት። አመሰገነኝ። እህቴ የሰማችውን ድምፅ ይስማው ብዬ ነው። ሳይደውል ገደላትና ስሟን መጫወቻ አደረገው።»

ንዮካቢ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ቼፕኩሩይ ግን የምታየው ሽማግሌውን ነበር። ከገቡ ጀምሮ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ ያሻሉ።

«ምዜ፣ አንዴ እሺ ከተባሉ በኋላ ሦስት ጊዜ ደግመው የደወሉት ለምንድነው?»

ምዜ ንጋቲያ ኮፍያውን ጨምድደው ያዙ።

«ሥራውን ጨርሶ የተመለሰ ሰው እንዲያ አይደውልም። እንዲያ የሚደውል፣ አንድ ቀን ያጎደለ ሰው ነው።»

«ደውሎ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ያን ቀን፣ የልጅቱ ቀን፣ ጊታሂ ደውሎልኛል። እኔ ኒዬሪ ከተማ ነበርኩ፣ የልጅ ልጄ ጥሎሽ ላይ። ድልድዩን ትቼ መሄዴን መናገር አፈርኩና ‹ንጹሕ ነው፣ ውረዱ› አልኩት። በኋላ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ምዜ፣ መንደሩ እርስዎን ይገድላል፤ እኔን ይጥሉኝ፣ እችለዋለሁ› አለኝ። ሦስት ዓመት ሲሰድቡት ሰማሁ፤ ዝም አልኩ።»

ንዴሪቱ ቀና አለ።

«ደውሎ ነበር?» አለ።

«ደውሎ ነበር፣ ልጄ።»

ንዴሪቱ እንደገና ጠየቀ፤ እንደገና ያንኑ መለሱለት። በአራተኛው ላይ ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስነሣው።

ሽማግሌው ወደ ንዮካቢ ዞረው ሊንበረከኩ ሲሉ እሷ ትከሻቸውን ይዛ አስቀረቻቸው።

«ለእኔ አይደለም» አለች። «እኔማ አባቴን አውቀዋለሁ። ውጭ ለቆሙት ይንገሩ፤ ጮክ ብለው።»

በሩን ከፈተችላቸው። ጉርምርምታው ጸጥ አለ። ምዜ ንጋቲያ ደጃፉ ላይ ቆመው መጀመሪያ የራሳቸውን ስም ተናገሩ።