አርባ አንዱ የተምር ዘር

እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ ልጆቹ ስለ ጥላና ስለ ኮቴ ሲያወሩ «መስኮቱን ዝጉት፣ ነፋስ ነው» የምለው እኔ ነኝ፣ እንዲያውም እውነቱን ልንገራችሁና አምና ጅዳ እያለሁ ጸሎት ራሱ ከጣሪያ ጋር የሚወራ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ እመኑኝ፣ አላጋነንኩም፣ ሳልጨምርበትም ይበቃኛል።

ከወላጆቼ ጋር የምንኖረው በኒ ማሊክ የሚባል የጅዳ ሰፈር ነበር፣ ሦስተኛ ፎቅ። አክስቴ ዘውዴ፣ አክስቴ እላታለሁ እንጂ የእናቴ የአገሯ ልጅ ናት፣ ከከተማው ዳር ኦብሑር አንድ ቪላ ውስጥ ነው የምትሠራው። አርብ አርብ ማዳሟ ስትለቃት ወደኛ ትመጣና ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወጥ ቤት ገብታ እግዚኦታዋን ታደርሳለች። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ድምፅ አውጥቶ መጸለይም አይሆንም፣ ስለዚህ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ባዶውን ታስነሳውና በእሱ ጩኸት ተከልላ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች። መቁጠሪያ ይዛ እንዳትገኝ ስለምትፈራ አርባ አንድ የተምር ዘር አጠራቅማ ነበር፣ አንድ እግዚኦ ባለች ቁጥር አንዱን ዘር ከአንዱ የወተት ቆርቆሮ አንስታ ወደ ሌላው ትጥላለች፣ ጠብ። ግብፃዊቷ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ስታገኘን «እናንተ ሐበሾች፣ አርብ አርብ ይሄን ሁሉ ልብስ ከየት ነው የምታመጡት?» ትለናለች፣ አክስቴ በአማርኛ «ኃጢአታችን ብዙ ነው በያት» ትለኛለች፣ እኔ ሳቄን እውጣለሁ።

አምና እናቷ አገር ቤት ታመሙ። ከፊሏን፣ ያስመጣትን አሠሪዋን፣ የመውጫ ወረቀት እንዲፈርምላት ለመነችው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ «ረመዳን ይለፍና» አላት፣ ረመዳን ሳያልፍ እናቷ ተቀበሩ። ከዚያ በኋላ በመጣው አርብ ሳሎን ተቀምጣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አልተነሳችም።

«አክስቴ፣ ሰዓቱ ደረሰ» አልኳት።

«ኻላስ፣ በቃኝ» አለች። «በየሳምንቱ አርባ አንድ ጊዜ ጠራሁት፣ ስንት ዓመት! እኔ እንኳ ማዳም አንዴ ከጠራችኝ እሮጣለሁ።»

«እግዜር ማዳም አይደለማ» ብዬ ላስቃት ሞከርኩ።

«እሱማ አይደለም። ማዳም ትከፍላለች እንጂ ዝም አትልም።»

ቆርቆሮዎቹን ከቆሻሻው ጋር ይዤ እንድወርድ ነገረችኝና ሶፋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አልጣልኳቸውም፣ ሙሉውንም ባዶውንም ማሽኑ ላይ ትቼ የወጥ ቤቱን በር ዘጋሁት። እኔ ራሴ ባላምን ምንም አይመስለኝም ነበር፣ እሷ ስትተወው ግን፣ አትሳቁብኝ፣ ጣሪያው የተነሳብን ያህል ፈራሁ።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ወደ አገር ቤት ልመለስ ስለነበር መኝታ ቤት ገብቼ ሻንጣዬን ማሰናዳት ጀመርኩ። አባቴና እናቴ ወጥተዋል፣ ማሽኑም አልተነሳም፣ ቤቱ በአርብ ዘጠኝ ሰዓት እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ከዚያ፣ ጠብ። ቧንቧው ነው አልኩ። ጠብ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ግን የቧንቧ አልነበረም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩት፣ አንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚፈጀው ልክ ነው። ተጸጽታ ተነሳች ብዬ ደስ አለኝ፣ ሹራቤን ማጠፍ ቀጠልኩ።

«ሩት!» ብላ አክስቴ ጮኸች፣ ግን ድምፅዋ የመጣው ከሳሎን ነው። «ኻላስ አላልኩሽም? ስለኔ አትቁጠሪልኝ!»

«እኔ መኝታ ቤት ነኝ! አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን፣ እሷ በባዶ እግሯ፣ እኔ ያልታጠፈ ሹራብ በእጄ ይዤ። የወጥ ቤቱ በር እንደዘጋሁት ነው። ከውስጥ፣ ጠብ።

በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ማንም የለም፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ድምፁም አብሮ ቆመ። ባዶ የነበረው ቆርቆሮ ውስጥ ዘሮች አሉ። ቆጠርኳቸው፣ ሠላሳ ሦስት፣ በሌላው ስምንት ቀርቷል። ከላይ የነበረው ዘር፣ እመኑኝ፣ ከሰው እጅ ገና የወጣ ይመስል ሞቅ ይል ነበር።

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አክስቴ ግን ቆርቆሮውን ትኩር ብላ እያየች «ማነው ሥራዬን የሚሠራብኝ?» አለች፣ የተቆጣች ትመስል ነበር። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች፣ የማሽኑን ቁልፍ ተጫነች፣ ከስምንቱ አንዱን አነሳች። ከአንድ አልጀመረችም፣ ከሠላሳ አራት ቀጠለች።

ስሸኝ አንዱን ዘር በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ፣ «አርባው ይበቃኛል፣ የጎደለውን በጣቴ እሞላለሁ፣ ፈተና ሲጠናብሽ ያዢው።» ያዝኩት፣ አሁን የእስክሪብቶ ሳጥኔ ውስጥ ነው።

ባለፈው ወር ስልክ ደወለች።

«ሩትዬ፣ ልንገርሽና አትሳቂ። አርባውን ጥዬ ስጨርስ፣ ጣቴን ሳላጥፍ፣ አንዴ ጠብ ይላል።»

«ማሽኑ ይሆናላ፣ አክስቴ።»

«ማሽኑንም አጥፍቼ ሰምቻለሁ፣ የኔ ልጅ።»

የእኛና የጅዳ ሰዓት አንድ ነው። ሳጥኑን በየቀኑ እከፍታለሁ፣ ዘሩም ሁልጊዜ አለ። አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አልከፍተውም፣ እስክሪብቶ እንኳ ቢያስፈልገኝ ከጓደኛዬ እዋሳለሁ። ከፍቼ ባጣው እፈራለሁ፣ ባገኘውም እፈራለሁ።