የአድቮኬቱ ካፖርት

ሁስና ከካላክላ በሐፍላ አውቶቡስ ተጨናንቃ ሳጃና ሰፈር ስትደርስ፣ ወንድሟ ጃፋር በካቴና ታስሮ የሚኖርበት ግቢ መሐል ቁጢጥ ብሏል። ጎረቤቱ ጋሽ ጀምበሬ ደግሞ ጥቁር ካፖርታቸውን ግጥም አድርገው እንደለበሱ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኝተዋል፤ በትራስ ታፍነው። የካፖርቱ ስፌት ከግራ ብብታቸው ሥር ተተርትሯል።

የሰፈሩ ሐበሻ «አድቮኬቱ» ነበር የሚላቸው። ጠበቃ አልነበሩም፤ ፖሊስ ለያዘው ሁሉ የሚናገሩ ሽማግሌ እንጂ። «ቃሉ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ሥሩ ላቲን ነው፤ ተጠርቶ ከሰው ጎን የሚቆም ማለት ነው» ይሉ ነበር። ታዲያ ሰው መጥቶ ካልጠራቸው ንቅንቅ አይሉም፤ ካፖርቱንም አይነኩም።

የፖሊስ መርማሪዋ ረዋን እናቷ ሐበሻ ስለሆነች አማርኛ ትናገራለች። «በሩ ተቆልፎ ነው ያደረው። ግቢው ውስጥ የነበራችሁት እናንተ ሦስታችሁ ናችሁ» አለች፣ ጃፋርን፣ ሌላውን ተከራይና የቤቱን ባለቤት እያየች።

በቅርቡ ከገዳሪፍ መጥቶ ግቢው ውስጥ ቤት የተከራየው፣ ሻምበል የሚባል ስደተኛ አሻጋሪ ደላላ ቀደም አለ። «ምኑ ያጠያይቃል? ጃፋር ትናንት ‹ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለኢቃማዬ፣ ዛሬ እጠራቸዋለሁ› ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ይኸው ካፖርቱን ለብሰዋል። ጠራቸው፣ ተጣሉ፣ ገደላቸው።»

«ወላሂ አልጠራኋቸውም! ደክሞኝ ተኛሁ» አለ ጃፋር።

ሁስና ወደ ወንድሟ ተጠጋች። ይሄ ልጅ አንዴ ከተወሰደ ማን ያስፈታዋል? «ምን ትዞሪያለሽ፣ ፍቺው!» መርማሪዋን ልትላት ቃጥቷት በግድ ዋጠችው።

ረዋን ወደ ቤቱ ባለቤት ዞረች። ሽማግሌው ሱዳናዊ ለሐበሻ ቤት ሲያከራይ ኖሮ አማርኛ ለምዷል።

«ዐም ባቢከር፣ ጋሽ ጀምበሬን ጠርተዋቸው ያውቃሉ?»

«ልጄ የታሰረ ጊዜ። ካፖርቱን የሚያለብሳቸው የጠራቸው ሰው ነው፤ ልማዳቸው ነበር።»

«እንዴት አለበሷቸው?»

«ቀኙን እጅጌ አጠለቅኩ፤ ግራውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩ። ግራ ክንዳቸው አይታጠፍም፣ መስኪን!»

«አንተስ ጃፋር?»

«ሁለቴ ጠርቻቸዋለሁ። እንደዚያው ነው።»

ረዋን ሦስቱንም ሬሳው ዘንድ አቆመቻቸው። «ሁለቱም እጆች እጅጌ ውስጥ ናቸው። በሕይወት ሳሉ ይሄ አይሆንም። ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው ክንዳቸውን በጉልበት ሲከት ስፌቱን ተረተረው። ጃፋር ገዳይ ቢሆን፣ በገዛ ራሱ ላይ የሚመሰክር ካፖርት ለምን ያለብሳቸዋል? ዐም ባቢከርም አለባበሱን ያውቃሉ። ጠርቷቸው የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሻምበል ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ረዋን ፊቱ ቆመች።

«ልጆቻቸውን በሰሃራ ያስቀረህባቸው እናቶች ጋሽ ጀምበሬን ጠርተዋቸው ነበር። እሳቸውም ዛሬ ጣቢያችን ቀርበው ሊናገሩብህ ነበር። ያላ፣ ካቴናውን ከልጁ ወደ እሱ!»

ሻምበል ሲጎተት ጮኸ። «ጠበቃ ጥሩልኝ! አጠገቤ የሚቆም ሰው ጥሩልኝ!»

ሁስና ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ስትጠራው የሚመጣልህንማ ገደልከው!» ብላ አምባረቀችበት።

ከዚያ በወንድሟ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።