ከመሬት በታች ያለው መስመር

ከወንዙ ማዶ ለሚኖረው የስማዳ ገበሬ ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ወገዳ ከተማ የሚወስደው መንገድ ይቋረጥበታል። ወንዙ ከሞላ ገበያ የለም፣ ሕክምና የለም፤ ምጥ የያዛት ሴት እንኳ ውኃው እስኪጎድል ትጠብቃለች፣ አንዳንዷም ሳይጎድል ትሞታለች። ስለዚህ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ የእግረኛ ድልድይ ሊያሠራ ነው ሲባል፣ አገሩ ማንም ሳያስገድደው በደስታ ድንጋይ ተሸከመ።

ግንበኛው ዳኘው ነበር። ዳኘው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያቆመ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ ብቻ አንድ ክፉ አመል ነበረበት። አላውቅም ማለት ሞቱ ነበር።

ፕላኑን ይዞ ከአውራጃው የመጣው አስናቀ የሚባል ወጣት ቴክኒሻን ነው። ሰማያዊውን ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

"ጋሽ ዳኘው፣ ይኼ ድልድዩ ከላይ ሲታይ ነው፤ ይኼ ደግሞ ከጎን። ይኼ የተቆራረጠው መስመር..." ብሎ ሲጀምር፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የዳኘውን ፊት ያይ ነበር።

"ገብቶኛል ልጄ" አለ ዳኘው ፈጠን ብሎ። "እኔ ድንጋይ ስደረድር ነው ያረጀሁት።"

እውነቱን ለመናገር፣ ለዳኘው ወረቀቱ የመስመር ድር ብቻ ነበር። አስናቀም ፊቱን አይቶ ጠረጠረ። ወረቀት ላይ የተኛን ነገር በሐሳብ አንሥቶ ማቆም ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ የመንደሩን ሸክላ ሠሪ ውዴን አስጠርቶ፣ ልኩን እየነገረ ድልድዩን በጭቃ አሠራት። ውዴም ሁሉን በየመጠኑ አሳንሳ ሠርታ፣ አሸዋ በተሞላ ገበቴ ውስጥ አቆመችው። አሸዋው ሲገለጥ ከመሬት በታች የሚቀበረው የአምዱ ሥር ይታያል። ብዙም ሳይቆይ አስናቀ ለሌላ ሥራ ተጠራ። ሊሄድ ሲል "ጋሽ ዳኘው፣ ከመቆፈርዎ በፊት ውዴ ቤት ጎራ ብለው ይዩት" ሲል ለመነው። ይዩት አለ እንጂ ይዞት ሄዶ አላሳየውም። ጥፋቱ እዚህ ላይ የሁለቱም ነው።

ዳኘው አልሄደም። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል። በሠራችው ድስት ወጥ ይበላል፣ ከእሷ ጋር ግን ማዕድ አይቆረስም። በዕቃዋ እየበሉ እሷን መጠየፍ ምን የሚሉት ጨዋነት እንደሆነ እንጃ።

"ከሸክላ ሠሪ ደጅ ቆሜ ግንብ ልማር?" አላት ሚስቱን ፀሐይነሽን።

"ምን ይቀርብሃል? አይተህ መመለስ እኮ ነው።"

"ተይ እባክሽ፣ ሰው ምን ይለኛል።"

ፀሐይነሽ ግን ልቧ አላርፍ ቢላት ብቻዋን ሄዳ አየችው። የዚያን ዕለት ራት አቅርባ፣ "ውዴ ቤት ሄጄ ነበር። ሥሩ እኮ..." ስትል፣ ዳኘው ምግቡን ገፋ አደረገ።

"ከዚያ ቤት ምን እግር ጣለሽ? ሁለተኛ እንዳልሰማ።"

እሷም ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል ብላ ተወችው።

ቁፋሮው ሲጀመር ዳኘው የተቆራረጠውን መስመር አየና፣ ንድፍ ያወጣው ሰው ጀምሮ የተወው ነው ብሎ ገመተ። መስመሩ ግን ከዓይን የተሰወረውን፣ ከጠጠሩ በታች እስከ አለቱ ድረስ መውረድ ያለበትን መሠረት የሚያመለክት ነበር። ዳኘው እስከ ጉልበት አስቆፍሮ ጠጠሩ ላይ ገነባ። ድልድዩ ሲያልቅ ለዓይን ያምር ነበር። ቄሱ ባረኩት፣ ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ፣ ለዳኘውም ተጨበጨበለት።

ሐምሌ ላይ የፀሐይነሽ እናት ከወንዙ ማዶ ታመው ተኙ። ፀሐይነሽ ስንቅ ቋጥራ ልትጠይቃቸው ተነሣች። ወንዙ ደፍርሶ፣ እንጨት እየጎተተ ይወርዳል። ዳኘው ራሱ እስከ ድልድዩ ሸኛት። አፋፉ ላይ ቆም ስትልበት፣ "ሂጂ፣ አይዞሽ፣ የእኔ እጅ ሥራ ነው" አላት። መሐል ላይ ስትደርስ አምዱ ከሥሩ ተነቀለ። ጎርፉ ጠጠሩን ከሥሩ ጠርጎት ኖሯል። ዳኘው እየጮኸ በወንዙ ዳር ሮጠ፤ ሮጦ ግን የሚደርስበት አልነበረም። አስከሬኗ ከታች፣ በድንጋይ መሐል ተወሽቆ ተገኘ።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ዳኘው የውዴን ደጅ ረገጠ። ውዴ ደንግጣ ተነሣች።

"አሳዪኝ" አላት።

ገበቴውን አውጥታ አሸዋውን በእጇ ገለጥ አደረገችለት። ሥሩ ረጅም ነበር፤ ከላይ ከሚታየው አያንስም። እንኳን ግንበኛ፣ ሕፃን አይቶ የሚረዳው ነገር ነበር።

"እትዬ ፀሐይነሽም እንዲሁ ገልጠው አይተውት ነበር" አለች ውዴ ቀስ ብላ። "'ይህን ያህል ጠልቆ ነው እንዴ የሚቆፈረው? ለዳኘው እነግረዋለሁ' ብለው ነው የሄዱት።"

ዳኘው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ ጀምራ ያላስጨረሳትን ንግግር የሰማው ያን ጊዜ ነው። አለቀሰ፤ ውዴም አብራው አለቀሰች።

ወገኖቼ፣ ያልገባንን ገባን አንበል። ሰውን በእጁ ሥራ አንናቅ። እናንተም የተማራችሁት፣ "ገባችሁ?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ሕዝባችን በይሉኝታ "ገብቶናል" ማለት ይቀናዋል፣ ስለዚህ በሚጨበጥ ነገር አሳዩት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አስናቀ አዲስ ፕላን ይዞ ተመለሰ። ሕዝቡ በተሰበሰበበት ወረቀቱን ዘርግቶ አስረድቶ ሲያበቃ፣ "ገባዎት ጋሽ ዳኘው?" ሲል በፍርሃት ጠየቀ።

ዳኘው ተነሣ። ከሉን ገና አላወለቀም።

"አልገባኝም" አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው።

ከዚያም ዞር ብሎ፣ ከሰው ተለይታ ከበሩ ሥር የተቀመጠችውን ውዴን ፈለጋት።

"ነይ እህቴ፣ ከአጠገቤ ተቀመጪ። ጭቃውን እኔ አቦካልሻለሁ።"